ለኮርሳክ ከኋላ

«ራሳቸውን ስተዋል በል፣ በቃ። መንገድ ይጠፋቸዋል፣ ቤታቸውን ይረሳሉ በል። በዚህ የሚሞት ሰው የለም።»

ይህን ያለችው ናዴዥ ናት፤ ያለችውም ኩሽና ውስጥ ሆና ለባሏ ለቲዬሪ ነው። የባሏ እናት እማማ ኦዴት ከግድግዳው ወዲህ፣ ሳሎን ውስጥ፣ በሚታጠፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ ብለው ነበር። የዚያ ቤት ግድግዳ ስሙ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ ጎረቤት ሲያነጥስ ይማርህ የሚያሰኝ ዓይነት ነው። ናዴዥ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ሁሉ የአሮጊቷ ጆሮ ደክሟል ብሎ ከደመደመ ቆይቷል። እውነቱን ለመናገር የደከመ ጆሮ አልነበራቸውም፤ ለማይረባ ጥያቄ መልስ መስጠት ሰልችቷቸው ነው።

«እናቴ ራሷን አልሳተችም» አለ ቲዬሪ።

«እንዳልሳቱማ አውቃለሁ። የጋዜጣውን የቃላት ጨዋታ ከኔ ቀድመው የሚሞሉ ሴትዮ ናቸው። ግን ላርዤ ከተማ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ የቀረው አንድ አልጋ ነው፤ እሱም ራሳቸውን ለሳቱት በሚቆለፈው ክፍል ነው። ጤነኛ ናት ካልክ ወረፋ ያዝ ይሉሃል፤ ወረፋው ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። ልጅህ ቅዳሜ ከነሕፃኗ ስትመጣ የት ላስተኛት? መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ?»

ከዚያ በኋላ የውሃ ቧንቧ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ማንኪያ ሲኒ ውስጥ ሲዞር ተሰማ፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም መዞሩን አልተወም። ኦዴት የጫማቸውን ክር እንደያዙ ጠበቁ። ልጃቸው «አላደርገውም» እንዲል ጠበቁ፤ ካልሆነም «እሺ» ይበልና ይለይለት ብለው ጠበቁ። ቲዬሪ ግን አንዱንም አላለም። ቡናውን ጠጥቶ ሲኒውን አጠበ። ሰው ከሚናገረው ይልቅ የማይናገረው አንጀት ይቆርጣል፤ ኦዴትን ከናዴዥ ንግግር ሁሉ በላይ ያቺ ዝምታ ልባቸውን ወጋቻቸው።

ናዴዥን ክፉ ሴት ናት ማለት አይቻልም፤ ክፉ ብትሆንማ ነገሩ በቀለለ። ኦዴት ዳሌያቸው የተሰበረ ጊዜ ገላቸውን ያጠበች፣ ጥፍራቸውን የቆረጠች፣ ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስትደረድር አድራ ጠዋት የአማቷን አልጋ የምታጣጥፍ እሷ ናት። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን አለው፤ ሳሎኑ ቀን ቀን ሳሎን ነው፣ ማታ ማታ የኦዴት መኝታ ነው፤ ስለዚህ ኦዴት የሚተኙት ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን አይቶ ከጠገበ በኋላ ነው። ባላቸው ፌርናን ከሞተ ወዲህ ኑሯቸው ይኸው ነው። ደረጃው ለዳሌያቸው ስለማይሆን ከሐኪም ቤት በቀር የትም አይሄዱም። የተወለዱበትን ከተማ የሚያዩት በመስኮት ሲሆን መስኮቱ የሚያሳየው ደግሞ የመኪና ማቆሚያና አንድ የዳቦ ቤት ጀርባ ነው። ሲደመር ሲቀነስ፣ ለማንም አልተመቹም፤ ማንምም ለእሳቸው አልተመቸም።

ቲዬሪ ካፖርቱን ለብሶ ገባ። ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ጥፋት ሲሠራ የሚመጣው የልጅነት መልክ አሁንም አለ፤ ከንፈሩን ወደ ውስጥ ይነክሳል።

«እማ፣ ዛሬ ላርዤ ደርሰን እንመጣለን። እንድታይው ብቻ ነው።»

«ለማየት ሻንጣ ምን ያደርጋል?»

«ምናልባት ደስ ካለሽ ብለን ነው። ሻንጣ መያዝ አይከፋም።»

ሻንጣውን ናዴዥ ነበረች ያሰናዳችው። የክረምቱ ሹራብ ገብቷል፣ የሌሊት ልብሱ ገብቷል፣ የፌርናን ፎቶ እንኳ በፎጣ ተጠቅልሎ ገብቷል። የሰው ቤት ለማየት የሞተ ባሉን ፎቶ ይዞ የሚሄድ ማን ነው? ኦዴት ሰምቻለሁ ማለት ይችሉ ነበር። ግን ሰምቻለሁ ካሉ ልጃቸው ያፍራል፤ ካፈረ ይቆጣል፤ ከተቆጣ ነገሩ ይለይለታል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብለው ዋጡት። ደግሞስ እዚያ ሄዶ ጤነኛ ነኝ ብሎ መማል ምን ዋጋ አለው? ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚምልን ሰው ማን ያምነዋል? ዕድሜ ከገፋ በኋላ ጥያቄው የሚቀርበው ለልጅ ነው፤ ሐኪሙም፣ ባንኩም፣ ፀጉር አስተካካዩም ሳይቀር «ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ የሚጠይቀው አጠገባቸው የቆመውን ነው። ልጃቸው እዚያ ቆሞ ምን እንደሚል ደግሞ አላወቁም። ላለማወቅ ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ እዚያ አለመድረስ።

የሚደረስበት ሌላ ቦታ ነበራቸው። ሴት ልጃቸው ሶላንዥ ኮርሳክ በምትባል ከተማ ትኖራለች፤ ተራራው ሥር፣ አይብ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው ፋሲካ በመኪናዋ መጥታ ስትሄድ፣ ደረጃው ላይ አቅፋቸው፣ «የላይኛው ክፍል ባዶ ነው። በፈለግሽ ቀን ነይ፣ አንቺ ጥሪ አያስፈልግሽም» ብላቸዋለች። ወንድምና እህት ከአባታቸው ቀብር ወዲህ አይነጋገሩም። የተጣሉት በአንድ ቁምሳጥን ነው፤ ቲዬሪ ይገባኛል ብሎ ወሰደው፣ በበሩ አልገባ ሲለው ሸጠው። ኦዴት በስልክ እንዳይጠሯት ስልኩ የናዴዥ ነው፤ ያለው ናዴዥ ኪስ ውስጥ ነው። ውሰደኝ ቢሉትም የቲዬሪ መልስ የታወቀ ነው፤ «ሶላንዥ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት፣ ማን ያይሻል?» ይላል። እንግዲህ በራሳቸው መሄድ ነበረባቸው። ይህን ጫማቸውን አስረው ሳይጨርሱ ወሰኑ። ልባቸውም ትንሽ ተረጋጋ፤ ምክንያቱም ባቡር ከሆነ እሳቸውን የሚያስተምር ሰው ገና አልተወለደም።

ናዴዥ በሩ ላይ ስካርፋቸውን አስተካከለችላቸው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከእንቅልፍ ማጣት ይሁን ከሌላ ነገር አይታወቅም። «ብርድ ነው እማማ፣ አንገትዎን ይሸፍኑ» አለች። ኦዴት «አመሰግናለሁ የኔ ልጅ» አሉ። ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወርዱ በሩ ከኋላቸው ወዲያው አልተዘጋም።

የከተማቸው የሞንሬሚ ባቡር ጣቢያ የተሠራው በሁለት ከተሞች እልህ ነው። ሐዲዱ ሊዘረጋ ሲል የላርዤ ሹማምንት በኛ በኩል ይለፍ አሉ፤ የኮርሳክ አይብ ነጋዴዎች በኛ ካላለፈ ሞተን እንገኛለን አሉ፤ ሁለቱም ፓሪስ ድረስ አማላጅ ላኩ። መሐንዲሶቹ ሲሰለቻቸው ሽንኩርት ከማብቀል ሌላ ሙያ ያልነበራትን ሞንሬሚን መረጡና ሐዲዱን እዚያ ላይ እንደ ሱሪ ሁለት እግር አወጡለት። በሰው ጠብ ሞንሬሚ ከተማ ሆነች። ከፓሪስ የሚመጣው ባቡር እዚህ ሲደርስ ለሁለት ይቆረጣል፤ የፊተኞቹ ፉርጎዎች ወደ ላርዤ ይሄዳሉ፣ የኋለኞቹ ወደ ኮርሳክ። «ለላርዤ ከፊት፣ ለኮርሳክ ከኋላ» የሚለውን የከተማው ልጅ ፊደል ሳይለይ ይለየው ነበር። ልጃገረድ ሁለት ወንድ ከመጣባት አክስቶቿ «ፊት ነሽ ኋላ?» ብለው ያፋጥጧታል። አንድ ሰው ምን ሥራ እንዳለው አይጠየቅም፤ የስንት ሰዓት ፈረቃ ነህ ነው የሚባለው። ባቡሩ እስኪቆረጥ ተሳፋሪው ወርዶ በጣቢያው ምግብ ቤት የሽንኩርት ሾርባ ያዛል፤ ሾርባው ሁልጊዜ ምላስ የሚልጥ ስለሆነ ፊሽካው ሲነፋ ግማሹን ትቶ ይሮጣል፤ ምግብ ቤቱም የከበረው በዚያ በቀረው ግማሽ ነው ይባል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ጣቢያው በቦምብ ተመታ፤ ሰዉ ከጦርነቱ በኋላ ከገዛ ቤቱ ጣሪያ በፊት የጣቢያውን ጣሪያ አለበሰ።

ፌርናን ሥራው ያንን ባቡር መቁረጥ ነበር። በሁለቱ ፉርጎዎች መካከል ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ የአየሩን ቱቦ ይፈታል፣ ያንን ከባድ መጋጠሚያ በትከሻው አንስቶ ይጥላል፤ በረዶ ይጣል፣ ዝናብ ይዝነብ፣ ሠርጉም ይሁን። ሁለት ጣቱን ለዚያ ብረት ገብሯል። የሚኖሩት ከሐዲዱ ዳር በባቡር ሠራተኞች መንደር ስለነበር፣ ባቡሩ ሲቆረጥ ኦዴት ወጥ ቤት ሆነው በሳህኖቹ መንቀጥቀጥ ያውቁ ነበር፤ አንድ ጊዜ ግጭ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ግጭ። ሳህኖቹ ዝም ካሉ ፌርናን ከፉርጎዎቹ መካከል በሰላም ወጥቷል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ድንቹን እሳት ላይ ይጥዱ ነበር።

ዛሬ ከከተማው አውቶቡስ ሲወርዱ አደባባዩ ባዶ ነበር። ምግብ ቤቱ ኢንሹራንስ መሸጫ ሆኗል፤ መስታወቱ ላይ ጥርሳቸው ነጭ የሆኑ ባልና ሚስት ይስቃሉ። በጣቢያው በር ላይ አንድ ነጭ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ሾፌሩ ሲጋራ ያጨሳል፣ ውስጡ አንዲት ሴትዮ ብቻ ተቀምጣለች። ኦዴት ይህን የመሰለ ትልቅ መኪና ለአንድ ሰው ሲሉ በሆዳቸው ታዘቡ። ቲዬሪ ክንዳቸውን ይዞ ሳብ አደረጋቸውና አለፉት። አዳራሹ ውስጥ ቲኬት መሸጫው ተዘግቷል፤ ጣቢያ ኃላፊ የሚባል ሰው የለም፤ የማረፊያ ክፍሉ በቁልፍ ተቆልፏል፤ ከውስጥ የሚታየው የተደረደረ ወንበር ነው። ያለው አንድ የሚናገር የቲኬት ማሽን ነው። ቲዬሪ ማሽኑን በጣቱ ሲጎነትለው ቆየ፤ ማሽኑ ወደ ኋላ መለሰው፤ እንደገና ጎነተለው።

«አሥራ አንድ ዩሮ ከስድሳ» አለ በመጨረሻ። «ለግማሽ ሰዓት መንገድ። ዘረፋ ነው።»

«አባትህ ቢሰማህ» አሉ ኦዴት። የእሳቸው የባቡር ሠራተኛ ሚስት መታወቂያ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር፤ ፌርናን ሞቶም እስከ ዕለተ ሞታቸው በነፃ ያሳፍራቸዋል። ስለዚህም ከማሽኑም ሆነ ከሰው ምንም የሚጠይቁት አልነበራቸውም። ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ስንት ነገር ይሰማል፤ ለመጣ ለሄደው ይጠይቃል፣ ይነገረዋል። የሚያውቅ ሰው ግን አይጠይቅም። የኦዴት መዘዝ ይኸው ማወቃቸው ነበር።

መሳፈሪያው ላይ ጉም ወርዷል። ባዶ ነው ከማለት በቀር ምን ይባላል፤ ድሮ ቅርጫትና ሻንጣ እየገፋ የሚያልፍ ሰው እግር ይረግጥ የነበረበት ቦታ ነው። ኦዴት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቲዬሪን ለጥቂት ደቂቃ ዘወር የሚያደርገው ነገር። ቡና ልጠጣ ልበለው? ሽንት ቤት ልበል? ሽንት ቤት ካሉ ተከትሎ በር ላይ ይቆማል። እንዲህ ሲያወጡ ሲያወርዱ ድምፅ ማጉያው የባቡሩን መምጣት ተናገረ፤ ወደ ላርዤ የሚሄደው ባቡር ይገባል አለ። ኦዴት ይህ አላስደነገጣቸውም፤ ድሮም የሚጠራው የፊተኛው ስም ነው፣ የኋለኛው ከተቆረጠ በኋላ ነው የሚጠራው። ያን ጊዜ ቲዬሪ ኪሱን ዳበሰና ግንባሩን መታ።

«ቲኬቴን ማኅተም አላስመታሁም። እዚህ ያለው መምቻ ተበላሽቷል፤ አዳራሽ ደርሼ ልምጣ። ካላስመታሁ ቅጣቱ ከቲኬቱ ይብሳል። እማ፣ ከዚህች ንቅንቅ እንዳትዪ።»

«ወዴት እሄዳለሁ?» አሉ ኦዴት።

ሮጠ። ባቡሩ ገባ። ኦዴት ተነሡ። ሻንጣውን አዩት፤ የፌርናን ፎቶ ውስጡ ነው፤ ግን ሻንጣና ከዘራ አንድ ላይ አይያዙም። ትተውት ወደ ኋላ ሄዱ። ዳሌያቸው እሳት ሆነባቸው፤ አንድ ወጣት ሊረዳቸው እጁን ሲዘረጋ «ተወኝ፣ ተወኝ» ብለው አለፉት። የመጨረሻው ፉርጎ ሩቅ ነበር፤ ሩቅነቱን ድሮም ያውቁታል፣ ድሮ ግን ሁለት ልጆች እየጎተቱ ነበር የሚሄዱት። የፉርጎውን ደረጃ በጉልበታቸው ወጡት ማለት ይቻላል። መስኮት አጠገብ ተቀመጡና ስካርፋቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። በመስታወቱ ቲዬሪን አዩት፤ ከአዳራሹ ሲወጣ፣ አግዳሚውን ሲያይ፣ ሻንጣውን ሲያነሣ፣ ዞሮ ዞሮ ሲጣራ። አፉ ሲከፈት ይታያል፤ ድምፁ አይሰማም። ምነው ሞቼ ባረፍኩት አሉ። የገዛ ልጅን እንዲህ ማስጨነቅ ምን የሚሉት እናትነት ነው? ቢሆንም አልተነሡም። ፊሽካ ሲነፋ ቲዬሪ፣ ተሳፍራ ይሆናል ብሎ፣ ከፊት በኩል ዘሎ ገባ።

አሁን የቀረው መቆረጡ ነው። ኦዴት እጃቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ አድርገው ግጭ ማለቱን ጠበቁ። ቲዬሪ ፊት ነው፣ እሳቸው ኋላ ናቸው፤ አንዴ ግጭ ካለ እሱ ወደ ላርዤ፣ እሳቸው ወደ ኮርሳክ። ከዚያ ሶላንዥ ትደውልለታለች፤ ይቆጣል፤ ያልፍለታል። ባቡሩ ግን ተንቀሳቀሰ። ቶሎ ተንቀሳቀሰ። ሾርባ ለማዘዝ ቀርቶ አፍንጫ ለመናፈጥ የማይበቃ ጊዜ ነበር። ዘመናዊ ባቡር ነው፣ ዘመናዊው ሳይሰማ ይቆረጥ ይሆናል ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ድልድዩ መጣ። ከድልድዩ በኋላ ነው ሐዲዱ የሚለያየው፤ ለኮርሳክ ወደ ግራ፣ የቆዳ ፋብሪካውን ተጠግቶ። ኦዴት ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ። የቆዳ ፋብሪካው በሩቅ አለፈ። የግራውን ሐዲድ አዩት፤ እሾህና ቁጥቋጦ ውጦታል፤ በመካከሉ ወፍራም የበርች ዛፍ በቅሏል። ዛፍ እንዲህ የሚወፍረው በአንድ ክረምት አይደለም። ወንዙ በቀኝ በኩል መጣ፤ የላርዤ ወንዝ ነው።

ኦዴት ስካርፋቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። ቲኬት ተቆጣጣሪዋ ስትደርስ መታወቂያውን እንኳ አላወጡም።

«ባቡሩ መቼ ነው የተቆረጠው?» አሉ።

«ምኑ?» አለች ልጅቷ። ከሃያ አምስት ዓመት አትበልጥም፤ የደንብ ልብሷ ሰፍቷታል።

«ኮርሳክ ነው የምሄደው። ለኮርሳክ ከኋላ ነው።»

«ኮርሳክ ባቡር የለም እናቴ። በአውቶቡስ ነው። አዩት ይሆናል፣ ጣቢያው በር ላይ የሚቆመው ነጩ።» ከዚያ የኦዴትን ፊት አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ብቻዎን ነዎት? ማን አለ አብሮዎት?»

ኦዴት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ነጩን አውቶቡስ እያሰቡ ነበር። በክንድ ርቀት አልፈውታል፤ በሩ ክፍት ነበር፤ ሾፌሩ እንኳ ሸራ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሰላም ብሏቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ጣቢያ እንዲህ አድርጎ ሸጣቸው። ማንም አልነገራቸውም፤ ሶላንዥ ሁልጊዜ በመኪና ትመጣለች፣ «የዛሬ ባቡር ባቡር አይደለም» ትላለች፣ ይህን ደግሞ እያንዳንዱ የሞንሬሚ ሰው ስለሚለው ማን ልብ ብሎ ይሰማዋል? የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እውነት ነው።

ቲዬሪ ሻንጣውን እያንጓተተ በፉርጎዎቹ ውስጥ ሲመጣ ላብ አጥምቆት ነበር። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። «አገኘኋት፣ አገኘኋት» ብሎ ዘጋው። ናዴዥን ነበር የሚያናግረው፤ እናቴ ጠፋች ብሎ ሲደውልላት እሷ ደግሞ ደንግጣ ይሁን ጊዜው ነው ብላ ለመጦሪያው ደውላለች፤ ይህን ኦዴት ያወቁት በኋላ ነው። ተቆጣጣሪዋ «ኮርሳክ ነው የምሄደው ሲሉኝ ነበር፣ አደራ አይለዩዋቸው» አለችውና አለፈች። ቲዬሪ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። እናቱን አየ፤ ፉርጎውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ፤ የመጨረሻው እንደሆነ አየ። አባቱ የሚሠራበትን ባቡር በልጅነቱ ከሳህን መንቀጥቀጥ የሚያውቅ ልጅ ነው። ከንፈሩን ወደ ውስጥ ነከሰ።

«ከኋላ ተቀመጥሽ» አለ።

«አዎ» አሉ ኦዴት።

 ከሞንሬሚ እስከ ላርዤ ያለው ሜዳ ሁሉ ጉም ለብሷል፤ አልፎ አልፎ አንድ ላም፣ አንድ አጥር ይታያል። ቲዬሪ ናዴዥ የሰጠችውን ሳንድዊች ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ቆረሰና ትልቁን ሰጣቸው። ኦዴት ተቀበሉ፤ አላኘኩም። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ልባቸው ውስጥ ገባ፤ ተስፋ ነው ብለው ስም ባይሰጡትም ተስፋ ነበር። አወቀ፤ አውቋል። ራሱን የሳተ ሰው መንገድ ይስታል እንጂ መንገድ አይመርጥም። ከልጁ ሊሸሽ አስቦ፣ ጊዜ ጠብቆ፣ ፉርጎ መርጦ የሚቀመጥ ሰው ጤነኛ መሆኑን ከቲዬሪ በላይ ማን ሊያውቅ ይችላል? ይህን አይቶ፣ ይህን ተረድቶ፣ እንዴት አድርጎ ራሷን ስታለች ይላል? በል ቢባል እንኳ አፉ አይታዘዝለትም። ሳንድዊቹን በትንሹ ቆርጠው አኘኩ።

የላርዤው መጦሪያ ከጣቢያው ብዙም አይርቅም። ግቢው ንጹሕ ነው፤ ኮሪደሩ የተቀቀለ ጎመንና የመድኃኒት ሳሙና ይሸታል። ከበሩ አጠገብ ባለው ሳሎን አሮጊቶች ካርታ ይጫወታሉ፤ አንዷ ሌላዋን «ታጭበረብሪያለሽ፣ እናትሽም እንዲሁ ነበረች» ትላለች። ኦዴት ቆም ብለው አዩአቸው። እውነት ለመናገር ይህኛው ሳሎን ከመኪና ማቆሚያው መስኮት ይሻል ነበር። ነገር ግን ነርሷ በዚያ በኩል አልወሰደቻቸውም፤ ወደ ትንሽ ቢሮ አስገባቻቸው፤ ከቢሮው ማዶ ቁጥር የሚነካበት የተዘጋ በር አለ። ነርሷ ደግ ፊት ያላት፣ ድካም የሰለጠነባት ሴት ናት። የኦዴትን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች።

«ማዳም፣ ዛሬ ባቡር ጣቢያ ላይ ጠፉ አሉኝ። ፈርተው ነበር?»

«አልጠፋሁም» አሉ ኦዴት። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ለዚህ ሲዘጋጁ ነበር። «ጥዬው መሄዴ ነበር። ሴት ልጄ ጋ፣ ኮርሳክ። ከፓሪስ የሚመጣው ባቡር ሞንሬሚ ላይ ለሁለት ይቆረጣል፤ ለላርዤ ከፊት፣ ለኮርሳክ ከኋላ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። መቆረጡን እንዳቆሙ ግን አላወቅሁም። ይኸው ነው። ባሌ ነበር የሚቆርጠው።»

«ባቡሩን?»

«ባቡሩን።»

«ባለቤትዎ ባቡሩን ይቆርጡት ነበር» አለች ነርሷ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚባለው። የኦዴት ፊት ቀላ። በኑሯቸው ሁሉ እውነት ሲናገሩ እንዲህ ጅል ሆኖ ተሰምቷቸው አያውቅም። ነርሷ ከሩቅ አገር የመጣች ናት፤ ላርዤ የገባችው ዘንድሮ ነው፤ ምን ታውቃለች? አይፈረድባትም። ቀና ብላ ቲዬሪን አየችው። «ጌታዬ፣ ባቡሩ ይቆረጥ ነበር የሚሉት… እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

ቲዬሪ ሻንጣውን እንደያዘ ቆሟል። ኦዴት ዞረው አዩት። አሁን እንኳ ሊለምኑት አልፈለጉም፤ ማየት ብቻ አዩት። ልጃቸው የአባቱን ጣቶች ያውቃል፤ የተቆረጡትን ጉጦች በልጅነቱ ሲያሻቸው ነው ያደገው። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። አላወጣውም። ነርሷ ትጠብቃለች። ከዚያኛው ሳሎን የካርታ ተጫዋቾቹ ሳቅ ይሰማል።

«የለም» አለ ቲዬሪ። ወለሉን ነው የሚያየው። «ባቡሩ ተቆርጦ አያውቅም። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ እንዲህ ናት፤ ነገር ይቀላቀልባታል። ትጠፋለች።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀችና የኦዴትን ክንድ ያዘች። ኦዴት ወዲያው አልተንቀሳቀሱም። ሊጮኹ ይችሉ ነበር፤ የጮኸች አሮጊት ግን በዚያ ቤት ምን እንደምትባል ያውቃሉ። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት፤ ኮሌታው ላይ ላቡ ገና አልደረቀም። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው እዚያ ቆሞ ከንፈሩን ይነክሳል።

«እሱ ካለ ልክ ነው» አሉ ለነርሷ። «የአባቱን ሥራ ከሱ በላይ ማን ያውቃል።»

ነርሷ ፈገግ ብላ የበሩን ቁጥር ነካች፤ በሩ ተከፈተ። ኦዴት ከዘራቸውን አስቀድመው ገቡ።